ብዕሬን ሳላነሣ የሄድሁበት ሽምግልና

ሰው ለሽምግልና የሚመረጠው በአስተዋይነቱ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ የተመረጥሁት በመላጣዬ ነው። ዕድሜዬ ገና ነው፤ ጠጉሬ ግን ምን እንዳስቸኰለው እንጃ፣ ቀድሞኝ ሄዷል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባልና ሚስት በተኳረፈ፣ ጎረቤት በአጥር በተጣላ ቁጥር «እሱ ይምጣ» ይባላል። በዚያ ላይ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሰው ሁሉ የአማርኛ መምህር ቃል እንደ ቧንቧ ውሃ የሚወርድለት ይመስለዋል። የእኛን ሰፈር ቧንቧ ለሚያውቅማ ምሳሌው ልክ ነው፤ መጀመሪያ አየር ይመጣል፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከዚያ ይጠፋል።

ነገሩ የመጣው በጓደኛዬ በይልቃል ነው። ይልቃል የባጃጅ ሰው ነው፤ ይነዳል፣ ይጠግናል፣ ሲከፋውም ሲደሰትም ባጃጅ ያጥባል። ዝናሽ የምትባል ነርስ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ችግሩ ዝናሽ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የተወለደች የመሪጌታ ልየው ልጅ መሆኗ ነው። መሪጌታ ልየው የቅኔ መምህር ናቸው። በየበዓሉ አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ አንዴ የተቀኙትን ደግመው አይሉትም። እንዲህ ላለ ሰው ደጅ የከረመ ንግግር ይዞ መቆም የከረመ ወጥ ይዞ እንደ መቆም ነው።

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። የመጀመሪያዎቹ «ልጃችን ሁለት ባጃጅ አለው» አሉ። መሪጌታም «ይበርክትለት፤ እኔ ግን ልጄን ለባጃጅ አልድርም» ብለው ሸኟቸው። ሁለተኛዎቹ ብልጥ ነን ብለው ባጃጁን ትተው «ቤት እየሠራ ነው» አሉ። «እንግዲያስ ቤቱ ሲያልቅ ለቤቱ ሚስት ፈልጉለት» አሏቸው። ሰውዬው ስለ ሰው መስማት ፈልገው ስለ ዕቃ የሚነግራቸው ብቻ ነው የመጣ። ሦስተኛው ሽማግሌ ከተመለሰ በአገሩ ደንብ ነገሩ አበቃ፤ ደግሞ መሄድ ነውር ነው። ዝናሽም «እወደዋለሁ፤ አባቴን ረግጬ ግን አልወጣም» ብላለች። ይልቃል ይህን ከሰማ ወዲህ አንዷን ባጃጅ አጥቦ አጥቦ ቀለሟን ሊያስለቅቃት ደርሷል።

ሦስተኛው ሽማግሌ፣ እንግዲህ ገብቷችኋል፣ እኔ ሆንሁ። ከእኔ ጋር የይልቃል ንስሐ አባት ቄስ ሞላና አጎቱ አያ ደመላሽ አሉ፤ ንግግሩ ግን የአንተ ነው ተባልሁ።

ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥሁ። የወጣው ይህ ነው፦ «ልጃችን ጨዋ፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለሁሉም ቅን...» አነበብሁት። ይህ የይልቃል ሳይሆን የማንኛውም ሟች የሕይወት ታሪክ ነው፤ «ነፍስ ይማር» ብቻ ነው የጎደለው። ቀደድሁት። ሌላ ጻፍሁ፤ እሱም ሬሳ ነበር።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ስልኬ ላይ አንድ ወጣት ብቅ አለ። ስለ ፈጠራ አጻጻፍ የሚያሠለጥን፣ እጁን እያወናጨፈ የሚናገር፣ ፊቱ የሚያበራ ልጅ ነው። «ብዕራችሁን አታንሱ!» ይላል። «አትሰርዙ! አታስቡ! ሰዓት ሙሉና ሰዓቱ እስኪጮህ የመጣውን ሁሉ ጻፉ! የምትጽፉት ከጠፋችሁ ‹የምጽፈው ጠፋኝ› ብላችሁ ጻፉ!» ሰማችሁ? እኔ መምህር ሆኜ ዘመኔን የጨረስሁት ተማሪን «አስብ፣ ከዚያ ጻፍ፤ የተሳሳተውን ሰርዝ» በማለት ነው። ይህ ልጅ ክፍሌ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ወላጁን አምጣ እለው ነበር። ግን ደግሞ አንድ ነገር ሆዴን በላኝ። ማሰብ ሲቀር ምን ይመጣል? ይህን ሳላውቅ ልሙት?

ስልኩን ለግማሽ ሰዓት ሞልቼ ጀመርሁ። «ምን ልጻፍ ምን ልጻፍ የአከራያችን አውራ ዶሮ ምን ሆኖ ነው በጠራራ ፀሐይ የሚጮኸው ምን ልጻፍ እጄን አመመኝ...» ባለቤቴ ትዕግሥት ገባች። «ሽንኩርት አልቋል» አለች። ሕጉ የመጣውን ጻፍ ነውና «ሽንኩርት አልቋል» ብዬ ጻፍሁ። «ምነው ዝም አልኸኝ?» አለች፤ ጻፍሁት። «እያሾፍህብኝ ነው?» ይህንንም ጻፍሁ። በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ አነበበችና ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ጤና ጣቢያ ልውሰድህ እንዴ?» አለችኝ። ይህንን ስጽፍ ስታይ ሽንኩርቱን ራሷ ልትገዛ ወጣች።

ሰዓቱ ጮኸ። ማንበብ ጀመርሁ። ከዶሮውና ከሽንኩርቱ መካከል አንዲት ነገር ቁጭ ብላለች፦ «ይልቃል ሻዩን አያማስልም መጨረሻ ላይ ስኳሩን በጣቱ ጠርጎ ይልሳል።»

እውነት ነው! ስንት ዓመት አብሬው ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ይህን ማወቄን ግን አላውቅም ነበር። ማን ነገረኝ? እስከዛሬ የት ተሸሽጋ ኖረች? እጄ እኔን ሳያማክር ምን ምን ሲሰበስብ ኖሯል? ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ሱስ ሆነብኝ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ምሳ እየበላሁ በግራ እጄ ጎርሼ በቀኜ እጽፋለሁ። ከመዓት ገለባ ውስጥ አንዳንድ ፍሬ ይገኛል። «መንገድ ላይ ነኝ ሲል ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው።» «ሲዘፍን ዜማው አንድ ቦታ እሱ ሌላ ቦታ።» «ቀልድ ዛሬ ነግረኸው ነገ ይስቃል።» ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ግን ልጅ የሚያስከለክል ነው። መሪጌታ ፊት የሚባለው ቃል አልመጣም። ቀጠሮው ደግሞ መጣ።

ታኅሣሥ ነው፤ ቅዳሜ። ከቄስ ሞላ ጋር በሚኒባስ ቡሬ ገባን። አያ ደመላሽ ቡሬ ላይ የእህል መደብር አለው፤ ስንደርስ በቆሎ እያስመዘነ «ይህን ላስጭንና እንሄዳለን» አለ። የቡሬ ነጋዴ «ይህን ላስጭን» ሲል ምን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ። «ቀድሜ ልሂድ፤ መንደሩ መግቢያ ላይ ጠብቄ አገኛችኋለሁ» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር ለመጨረሻ ጊዜ መጻፍ ፈልጌ ነው። ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ባጃጅ ይዤ፣ ወደ መሪጌታ መንደር የሚያስገባው መገንጠያ ላይ ወርጄ፣ ጤፉ ታጭዶ ክምር ብቻ የቀረበት ሜዳ ላይ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀመጥሁ።

ሜዳውን የመረጥሁት በብልሃት ነው። በዚህ አገር የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሜዳ ወጥቶ፣ ተከናንቦ፣ እያጉተመተመ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። መንገደኛም «ቆጠራ ላይ ነው» ብሎ ሰላምታ እንኳ ሳያስጨንቀው ያልፋል። እኔም እንደዚያው ማንም አይነካኝም ብዬ አሰብሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ነው። ቅኔ የሚቆጥር ሰው ወረቀት አይዝም። ሜዳ ላይ ወረቀት የያዘ ሰው መንግሥት ነው።

ስልኬን ሞላሁ፤ ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አሳረፍሁ። ብዙም ሳልጽፍ መንሽ የያዘ ገበሬ መጣ። «ደኅና ዋልህ?» አለኝ። ብዕር አይነሣም፤ በአንገቴ ሰላም አልሁት። እጄ ግን ልማዱን አልተወም፤ «ደኅና ዋልህ አለኝ» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። ያለው መጻፉን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምንይችል እባላለሁ፤ ምንይችል አለነ» አለ ቀስ ብሎ፣ እንዳያመልጠኝ እየጠበቀ። ጻፍሁ። «ድንበሬ ከዚች ግራር እስከ ወንዙ ነው፤ ከአባቴ የወረስሁት ነው።» ጻፍሁ። «አሃ!» አለና ወደ አውድማው ዞሮ ተጣራ። «ጎበዝ! የመሬት ለኪ መጥቷል! ኧረ ድረሱ፣ እየጻፈ ነው!»

አገሬው ሞላ። ማበራየቱ ቆመ፤ በሬዎቹ አውድማው ላይ እህል እየበሉ ቀሩ። አንዱ «የእኔ ከጉቶው ጀምሮ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጉቶው ራሱ የእኔ ነው፤ ዛፉን የቆረጥሁት እኔ ነኝ» ይላል። አንዲት ባልቴት «ባሏ ሞቷል ብለው ጥግ ጥጉን እያረሱ ጨረሱብኝ፤ ይኸን ጻፍልኝ ልጄ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ጎረምሶች ድንጋይ ተሸክመው ወደ ወንዙ ሲሄዱ አየሁ፤ ወሰን እያስተካከሉ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እኔም ሁሉን እጽፋለሁ። ዝምታዬን የሹመት ክብደት አደረጉት። አንድ ሰው ጠላ በጣሳ አምጥቶ ከጎኔ አስቀመጠና «ለመሬት ሰው መናገር ደንብ አይደለም፤ አታስቸግሩት» እያለ ሰዉን መከልከል ጀመረ።

ማቆም አልችልም ነበር ወይ? እችል ነበር። «ጎበዝ፣ እኔ መምህር ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ ስለ ጉቶውና ስለ ወንዙ እየጻፍሁ ሳለ፣ እጄ በራሱ ዞሮ አንድ ነገር መጻፍ ጀመረ፤ ምን እንደሆነ ለማየት ጓጓሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስለምነው አልመጣ ያለ ነገር እንደሆነ አውቄዋለሁ። ይህን ጥዬ ድንበር ላስረዳ?

ስልኬ ጮኸ። «ጨረሰ!» አለ አገሩ በአንድ ድምፅ። ብዕሬን አስቀመጥሁ።

«በል አንብብልን» አለ ምንይችል። «ቃል ከተሰጠ ይነበባል። ይኸ ደንብ ነው።»

«ወንድሞቼ፣ እኔ እኮ ለኪ አይደለሁም...»

«ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉ። አንብብ!»

መንሽ የያዘ ሰው ሲያዝዝ ክርክር አያምርም። አነበብሁ። «ደኅና ዋልህ አለኝ ምንይችል አለነ ከግራሩ እስከ ወንዙ ይልቃል ካልሲውን ያጣል ጉቶው የማን ነው ይልቃል ከጉቶው ጀምሮ ባልቴቷን ጥግ ጥጉን አረሱባት ይልቃል ሲዘፍን ዜማው አንድ ቦታ እሱ ሌላ ቦታ ይልቃል...»

«ቁም!» አለ ምንይችል። «ይልቃል ማነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «በእኛ ጎጥ ይልቃል የሚባል የለም» አለች ባልቴቷ። «እንዴት ነው ከግራሩም ከጉቶውም ከወንዙም ይልቃል ይልቃል የሚል?» አንዱ ከኋላ «ባለሀብት ነው! መሬቱን ለባለሀብት ጽፎት ነው!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ ነገሩ እንደ ገለባ እሳት ተያያዘ። «ይልቃል የሚሉት መሬታችንን ወሰደ!» ሰው አጥር እየዘለለ ለሌላው ጎጥ ያቀብላል። ጠላውን ያመጣልኝ ሰው ጣሳውን አንሥቶ ወሰደ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ሚስት ልለምንለት የመጣሁት ሽማግሌ፣ ሽምግልናው ሳይጀመር ስሙን በአማቾቹ አገር የመሬት ነጣቂ አድርጌ አስጠራሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬም ፈርቼም አላውቅም።

ከሰዉ ወጣ ብለው ክምሩን ተደግፈው የቆሙ ጥምጣም ያሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ሲሰሙ ቆይተዋል። «ጎበዝ፣ ለኪ ቢሆን ሜትር ይይዝ ነበር» አሉ። «ምን ይዟል? ብዕርና ላብ። እንደ ቅኔ ተማሪ ወፈፍ ያረገው ነው፤ አታዋክቡት።» ሰዉ «የኔታ ካሉ» እያለ ጋብ አለ። የኔታ መባላቸው ምንም አልነገረኝም፤ በዚህ አገር ከሦስት ሽማግሌ ሁለቱ የኔታ ነው። ወደ እኔ ቀረብ አሉና «የመጨረሻዋን ገጽ አንብባት እስቲ» አሉኝ።

እኔም ገና አላየኋትም ነበር። ከእሳቸው ጋር አብሬ እንደ አዲስ ሰማኋት። «እናቱ የሞተች ለት ይልቃል አላለቀሰም ለቀስተኛው ድንኳን ሙሉ ነው እሱ ጓሮ ተቀምጦ የባጃጁን ሞተር ይፈታል ፈትቶ ሲጨርስ ይገጥማል ገጥሞ ሲጨርስ እንደገና ይፈታል ሰዉ ልበ ደንዳና ይለዋል እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጨርቅ አቀብለዋለሁ እጁን ይጠርጋል ይፈታል ይገጥማል...»

ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። «ሞተሩስ ተነሣለት?» አሉኝ።

«እንጃ አባቴ።»

«አልጠየቅኸውም?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ጓደኛው ነህ አይደል? ጠይቀው እንጂ» አሉና መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ መንደሩ አዘገሙ።

ሰዉ በየሥራው ሲበተን እኔ ስልክ ደወልሁ። ይልቃል ገና አንዴ እንደጠራ አነሣ። «እሽ አሉ?» አለ።

«ገና አልገባንም። ይልቃል፣ እናትህ ያረፉ ለት ያ ሞተር ተነሥቶልህ ነበር?»

«አልተነሣም» አለ። «በገጠምሁት ቁጥር አንዲት ብሎን ትተርፈኝ ነበር። የት እንደምትገባ ጠፋኝ። በሳምንቱ ሌላ መካኒክ ነው ያስነሣው፤ በእሷ ቦታ ሌላ አስገብቶ።»

«የተረፈችውስ?»

«ኪሴ ውስጥ ናት።»

«እስካሁን? ለምን አልጣልሃትም?»

«እንጃ። ሱሪ ስቀይር ለእሷም ኪስ እቀይርላታለሁ። ኧረ አንተ ሰው፣ ሽማግሌ አይደለህም እንዴ? ምን ሞተር ትጠይቀኛለህ!»

ቄስ ሞላና አያ ደመላሽ ሲደርሱ ልብሴ ገለባ፣ እጄ ቀለም፣ ፊቴ አቧራ ነበር። «የት ስትወቃ ዋልህ?» አለ አያ ደመላሽ፤ ጋቢውን አውልቆ አራገፈኝ። በመንገድ ላይ ሰው «ይልቃል የሚባል ባለሀብት መጥቷል» እያለ መሆኑን ሰምተው «የእኛን ሞክሼ ምን አመጣው?» ብለው ገርሟቸዋል። እኔ የእጄን ቀለም ማሸት ያዝሁ።

መሪጌታ ደጅ ደረስን። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ እሽ እስኪባል አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ ሆኗል፤ ካልተባለ ከቆመበት ይመለሳል። መዝጊያው ተከፈተ። ጥምጣም ያሠሩት፣ መቋሚያ የያዙት፣ እኒያ የክምሩ ሽማግሌ ወጡ።

በቄስ ሞላ ጀርባ ልከለል ሞከርሁ። አያ ደመላሽ ምንም አላወቀም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ «መሪጌታ፣ ቤትዎ የተከበረ፣ ዘርዎ የተባረከ...» ብሎ ጀመረ። መሪጌታ ግን እኔን እያዩ «ተነሣ ወይ?» አሉኝ።

ቄስ ሞላ «ማን?» አሉ ደንግጠው።

«አልተነሣም፣ የኔታ» አልሁ። «አንዲት ብሎን ትተርፈው ነበር። ቦታዋን አላገኘላትም። እስካሁን ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞራል። ለምን አልጣልሃትም ብለው ‹እንጃ› አለኝ።» ያን ሁሉ ቀን ካዘጋጀሁት ንግግር ይህን ብቻ ነው የተናገርሁት። እሱንም አላዘጋጀሁትም። አያ ደመላሽ እግሬን ረገጠኝ። ሦስተኛው ሽማግሌ በብሎን ተመለሰ ሲባል ታየኝ፤ የይልቃልም ፊት።

መሪጌታ ግንባራቸውን በመቋሚያቸው ላይ አሳረፉ። «እኒያን ሁለቱን የመለስኋቸው ልጁን ንቄ አይደለም» አሉ። «ዕቃ ቈጠሩልኝ እንጂ ሰውየውን አልነገሩኝም፤ እሱ እውነት ነው። እኔም ግን የምለው አልነበረኝም። ስንት ዘመን ለታቦት፣ ለጳጳስ፣ ለሙት ስቀኝ ኖሬ፣ የመጨረሻ ልጄን የማስረክብበት ቃል አልመጣ አለኝ። ሜዳ የወጣሁትም እሱን ልቆጥር ነው። አልመጣም።»

ቄስ ሞላ «እግዜር ያመጣዋል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። መሪጌታ ግን ጀምረው ነበር፤ ሳይመትሩ፣ ሳያሳምሩ፣ የመጣውን።

«ዝናሽ ነጎድጓድ ትፈራለች እንደማትፈራ ትሆናለች ያን ጊዜ አትሳቁባት። ስትቆጣ ቤት ትጠርጋለች፣ የተጠረገውን መልሳ ትጠርጋለች፣ ተዉአት። ጨው ታሳንሳለች፣ ረስታ ነው። ልጅ ሆና የወለቀ ጥርሷን ጣሪያ ላይ ወርውሪው ስንላት እምቢ ብላ በጭብጧ ይዛው ዋለች፤ ለምን ብላት እንጃ አለችኝ። ተማሪዎቼን ዜማ ሳስጠና ከበሩ ኋላ ቆማ ከእነሱ ቀድማ ትይዘው ነበር፤ አንድ ቀን ሰማኋትና ዝም በይ አልኋት። ዝም አለች። ያን ጊዜ ዝም ባላሰኛት ኖሮ... ልጁ ዜማ አይሆንለትም ብለሃል አይደል፣ ሜዳው ላይ አንብበኸዋል፣ ሰምቻለሁ። እሷ ታቃናዋለች። ዝም በይ አይበላት ብቻ። ዝም በይ አይበላት...» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከውስጥ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ። «ኧረ አንቱ! ሰዎቹ ቆመው ቀሩ እኮ!»

መሪጌታ ቀና ብለው ገና አሁን እንደመጣን ሁሉ አዩን።

«ተቀመጡ» አሉን።